የውሃ ሊሊ ሲወይብና አላብብ ሲል፦ ጎንደር ላይ ለምታሳድጉ

ቅጠሉ ወየበ ብላችሁ ማዳበሪያ ለመጨመር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሊሊው የተተከለበትን ሳፋ ከገንዳው ውሃ አውጡና ሥሩን በጣት ዳብሱት።

ቅጠሉ ይወይባል፣ ሲሳብ ተነቅሎ ይመጣል

በሳምንት አንድ ሁለት ያረጀ ቅጠል ቢወይብ ያለ ነው፤ ከሥር ቆርጦ መጣል ይበቃል። አዲሶቹም አብረው ከወየቡ ግን ሥሩ በስብሶ ሊሆን ይችላል። ዝንጅብል የሚመስለው ወፍራም ሥር ጤናማ ሲሆን እንደ ጥሬ ድንች ይጠነክራል፤ የበሰበሰው እጅ ላይ ይሟሟል፣ ይከረፋል። ነጭና ጠንካራ ሥጋ እስኪታይ ቁረጡት፤ ቢላውን በየመሃሉ በአልኮል ጥረጉ። አሮጌውን አፈር ድፉ፣ ሳፋውን እጠቡ፣ በአዲስ አፈር ትከሉ።

አንዱ ዋና መነሻ ፍግ ነው። አየር በሌለበት ውሃ ውስጥ ሲብላላ ሥሩን ይዞት ይበሰብሳል። ስለዚህ ፍግም ኮምፖስትም ያልገባበት ዋልካ ተጠቀሙ። ከላይ 2 ሳንቲ ሜትር ጠጠር አልብሱት፤ ቡቃያው ግን አይቀበር።

ቅጠል ሞልቶ አበባ የለም

ፀሐዩን ቁጠሩ፦ በቀን 6 ሰዓት ያህል ካላገኘ በደንብ አያብብም። ቅጠሉ ተጨናንቆ ከውሃው በላይ ከቆመ ሥሩ ሳፋውን ሞልቶታል፤ ቡቃያ ያለበትን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና ሳፋው ጠርዝ ላይ አጋድማችሁ ትከሉ። መጀመሪያ ከቡቃያው በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ፣ ሲጠና ከ30 እስከ 45።

ሌላው የዝርያ ጉዳይ ነው። የሞቃት አገሩ ሊሊ የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ ጥርስ አለው፣ አበባውም ከውሃው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከ21 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። ጠርዙ ልሙጥ የሆነውን፣ አበባው ውሃ ላይ የሚተኛውን ብርድ ቻይ ዝርያ ብትመርጡ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና አበባ ቢቀንስ ግን አትነካኩት፤ መስከረምን ጠብቁ።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ

ዩሪያ ተበትኖ ወይም ጎርፍ የጓሮ አፈር አስገብቶ ይሆናል። የገንዳውን ጠርዝ ከፍ አድርጉ፣ ዩሪያውን ተዉ። ውሃውን ደፍቶ መቀየር አልጌውን እንደገና ያስጀምረዋል፤ ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲሸፍነው እየጠራ ይሄዳል።

ክሽክሽ ቅጠሉን ከወረረው በውሃ አጥባችሁ ጣሉት። ዓሣ ካለ መድኃኒት አትርጩ።

ስትገዙ

ሥሩን ሳትዳብሱ አትክፈሉ። ቢያንስ አንድ ጠንካራ ቡቃያ ይኑረው፤ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጡና የቀንድ አውጣ እንቁላል ፈልጉ። በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ አምጡት።

ከጣና ዳር የመጣ ከሆነ ጭቃውን ፈጽማችሁ እጠቡ፤ የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ለ2 ሳምንት በተለየ ሳፋ አቆዩት። እጣቢውን ከቦይ ራቅ አድርጋችሁ ደረቅ መሬት ላይ ድፉ፤ ቀሃ ወንዝ የገባ ውሃ በመገጭ ወንዝ አድርጎ ጣና ይደርሳል።