በኪራይ መኪና ጉዞ ላይ ሳላችሁ "ቶሎ ድረሱ" ከተባላችሁ

ደቡብ አውሮፓን በኪራይ መኪና እየዞራችሁ ሳለ ከአገር ቤት ድንገተኛ ስልክ ቢመጣ፣ መኪናውን ወደ ተከራያችሁበት ከተማ ለመመለስ አትሩጡ። መጀመሪያ ለአከራዩ ደውሉና መመለሻው መኪናውን በተከራያችሁበት አገር ውስጥ ለእናንተ ወደሚቀርብ ኤርፖርት እንዲቀየር ጠይቁ።

ለምሳሌ መኪናውን ከሮም ወስዳችሁ ፈረንሳይ፣ ኒስ ደርሳችኋል እንበል። ወደ ሮም መመለስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኒስ ላይ ላስረክብ ብትሉ ደግሞ ድንበር ለማሻገር የሚጠየቀው ጭማሪ ኪስ ያራቁታል፤ ጭራሽ የማይፈቅዱም አሉ። የሚላኖው ማልፔንሳ ኤርፖርት ግን የሮምን ግማሽ መንገድ ያህል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከሮምም ከሚላኖም ይበራል።

ነገሩ የታርጋ ጉዳይ ነው። የጣልያን ታርጋ ያለው መኪና ሚላኖ ቢቀር ነገ ለሌላ ሰው ይከራያል። ፈረንሳይ ከቀረ ግን አንድ ሰው ተከፍሎት ወደ ጣልያን ሊነዳው ነው፤ ሂሳቡ ደግሞ እናንተ ላይ ይመጣል።

ሳትደውሉ ሌላ ቦታ ጥላችሁት እንዳትሄዱ። አንድ ቢሮ ብቻ ያላቸው ትንንሽ አከራዮች ጋ ደግሞ ይሄ ዘዴ አይሰራም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወሬው መርዶ ከሆነ የሰማው ሰው መሪ አይያዝ። ሌላው እንዲነዳ ግን ስሙ ውሉ ላይ መኖር አለበት፤ ከሌለ ኢንሹራንሱ ላይሸፍን ይችላል። ስትከራዩ፣ ትንሽ ዩሮ ቢያስጨምርም፣ ሁለት ሾፌር አስመዝግቡ።