የተተከለ ልብ ሲጎዳ አይናገርም፤ እኛ ቤት እንዴት እንደምንጠብቀው

ታናሽ ወንድሜ ሕንድ ሄዶ የልብ ንቅለ ተከላ ካደረገ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። አራት ኪሎ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው፤ ኪኒኑን የምቆጥረውም ደብተሩን የምይዘውም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው በሽተኛቸውን ይዘው ገና ለተመለሱ ቤተሰቦች ነው፤ እኛ ስንመለስ የነገረን ሰው አልነበረም።

ከሰዓት ጀምሩ። የመውጫ ወረቀቱ ላይ ታክሮሊመስ (ሰውነት የተተከለውን ልብ እንዳይዋጋ የሚያደርገው ኪኒን) በ8፡00 እና በ20፡00 ተብሎ ነበር። እናታችን 8 ሰዓት የሚለውን አይታ፣ ምሳ አብልታው ልትሰጠው ስትል ደረስኩ። የፈረንጅ 8 የእኛ 2 ነው! በቀይ እስክሪብቶ «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ብዬ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩበት። የቀጠሮ ቀኖቹንም በዚያው ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሯቸው።

ደም የሚሰጥበት ቀን ለብቻው ነው። የታክሮሊመስ መጠን የሚለካው ከማታው ኪኒን 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ የጠዋቱ ሳይዋጥ ነው። አንድ ጊዜ ወንድሜ እንደ ልማዱ ውጦ ሄደ፤ ውጤቱ ሰማይ ነክቶ መጣ። ማንም «ውጠሃል ወይ?» ሳይለው መጠኑ ተቀነሰበት። ያ ሳምንት ትዝ ባለኝ ቁጥር ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፤ መድኃኒቱ ካነሰ ሰውነት ልቡን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይነሣበታልና። አሁን የጠዋቱን ኪኒን በወረቀት ጠቅልዬ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ እከትለታለሁ፤ ክንዱ ላይ ጥጥ እንደተደረገለት እዚያው ይውጠዋል።

ፋርማሲ ስትገቡ ከሁሉ በፊት «የተተከለ ልብ አለው፣ ታክሮሊመስ ይወስዳል» በሉ። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ታክሮሊመሱን ደም ውስጥ ያንረዋል፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ ያወርደዋል። ለራስ ምታት ብላችሁ ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን አትስጡት፤ ኩላሊቱን ይጎዱታል። ታክሮሊመስ ራሱ በዓመታት ውስጥ ኩላሊት ይጎዳል፤ ክሬቲኒኑ (የኩላሊትን ጤንነት የሚያሳየው የደም ምርመራ) በየምርመራው ይታይ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ እኛ ቤት ቀርቷል። ፀበል መሄዱን አልከለክልም፣ አብሬው እሄዳለሁ፤ ኪኒኑ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንገቱ ወይም ብብቱ ሥር እብጠት ካገኛችሁ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ለካንሰር በር ይከፍታል።

አሁን እኔን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። የድሮው ልብ ሲወጣ ነርቮቹም ይቆረጣሉ። ስለዚህ አዲሱ ልብ ደም ሲያጥረው ብዙ ጊዜ የደረት ውጋት የለም። ዓመታት ሲያልፉ የልቡ የደም ሥሮች ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር እየወፈረ ይጠባል፤ በ10 ዓመት ውስጥ ከተተከለላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል። የሚጠበው አንድ ቦታ ብቻ ስላልሆነ ስቴንት (የጠበበ የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ብዙም አይፈይድም። ሲብስ መላው ሌላ ልብ ነው፣ ለእሱም እንደገና ባሕር መሻገር።

የእኛ መመርመሪያ ቸርችል ጎዳና ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥቁር አንበሳ ጀምረን እስከ ፒያሳ ዳገቱን አብረን እንወጣለን። ነርቭ የሌለው ልብ ምቱን ለማፍጠን ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቀስ እንላለን። ስንት ጊዜ ቆሞ እንዳረፈ እጽፋለሁ። ለወራት አንድ ጊዜ ነበር። አምና ጥቅምት ላይ ሁለት ሆነ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት። «እትዬ፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው» አለኝ። ሰኞ ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት፤ በካቴተር (በደም ሥር ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሲታይ የልቡ የደም ሥሮች መጥበብ ጀምረው ነበር። ከመድኃኒቶቹ አንዱ በኤቨሮሊመስ ተተካ፤ መጥበቡን የሚያዘገይ ነው። ዘንድሮ ሁለቴ እያረፈ ይወጣል።

ሚዛንም ግዙ፤ ልብ ሲደክም ውሃ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። በየጠዋቱ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ፣ ቁርስ ሳይበላ ይመዘን። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ፣ እግሩ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ አጥሮት በአንድ ትራስ መተኛት ካቃተው ቀጠሮ አትጠብቁ። ሐኪሙ ጋ ስትደውሉ «አልተመቸውም» ብቻ አትበሉ፤ የትናንቱንና የዛሬውን ክብደት፣ በስንት ትራስ እንዳደረ፣ የመጨረሻውን ኪኒን በስንት ሰዓት እንደዋጠ ከደብተሩ አንብቡላቸው።