የዳልተንን የአቶም ንድፈ ሐሳብ በስሌት ተከትሎ ለመረዳት

የጆን ዳልተንን አስተዋፅኦ ለማጥናት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ «ቁስ አካል ሁሉ ከአቶሞች የተሠራ ነው» ከሚለው ጀምሮ አራት አምስት ነጥቦችን በቃሉ ይይዝና ያልፋል። ይህ ለፈተና ሊበቃ ይችል ይሆናል፤ ዳልተን ያመጣውን አዲስ ነገር ግን አያሳይም፤ ምክንያቱም ቁስ አካል ሊከፈሉ ከማይችሉ ቅንጣቶች የተሠራ ነው የሚለውን ሐሳብ እንደ ዴሞክሪተስ ያሉ የግሪክ ፈላስፎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት አንሥተውት ነበር። በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር ከተማ ይኖር የነበረው ዳልተን የጨመረው ዋና ነገር አቶምን በሚዛን ከሚገኝ ቁጥር ጋር ማያያዙ ነው። ስለዚህ ሥራውን ለመረዳት የሚሻለው መንገድ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ስሌቱን መሥራት ነው።

በቅድሚያ ከእርሱ በፊት የታወቁትን ሁለት ሕጎች ያስታውሱ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዚዬ በኬሚካዊ ለውጥ ጊዜ ጠቅላላው መጠነ ቁስ እንደማይጨምርና እንደማይቀንስ አሳይቷል፤ ሌላው ፈረንሳዊ ኬሚስት ፕሩስት ደግሞ አንድ ውሁድ (ንጥረ ነገሮች ተዋሕደው የሚሠሩት ነገር) ከየትም ይምጣ የንጥረ ነገሮቹ ድርሻ በክብደት ምንጊዜም አንድ እንደሆነ አረጋግጧል። ለዚህ ስሌት ከእነዚህ በላይ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ካርቦንና ኦክስጅን የሚሠሯቸውን ሁለት ጋዞች ጎን ለጎን ይጻፉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ በክብደት 42.9 በመቶ ካርቦንና 57.1 በመቶ ኦክስጅን ሲሆን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 27.3 በመቶ ካርቦንና 72.7 በመቶ ኦክስጅን ነው። መቶኛዎቹን እንዳሉ ቢያዩአቸው ምንም አይናገሩም፤ ብዙ ተማሪ ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው የአንዱን ንጥረ ነገር መጠን እኩል አድርጎ ሌላውን ማወዳደር ነው። የኦክስጅኑን ቁጥር ለካርቦኑ ሲያካፍሉ፣ ለ1 ግራም ካርቦን በመጀመሪያው ጋዝ 1.33 ግራም፣ በሁለተኛው 2.66 ግራም ኦክስጅን ያገኛሉ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ነው። ዳልተን በ1804 እ.ኤ.አ. ባጠናቸው ሜቴንና ኤቲሊን በተባሉ የካርቦንና የሃይድሮጅን ጋዞች ላይም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ ለእኩል ካርቦን የሜቴኑ ሃይድሮጅን የኤቲሊኑ እጥፍ ነው።

አሁን ስሌቱን አቁመው ይህ ለምን እንደሚሆን ይጠይቁ። ቁስ አካል እንደ ልብ የሚቆራረጥ ቢሆን ኖሮ 1.7 ወይም 2.3 እጥፍ እንዳይሆን የሚከለክል ነገር አይኖርም ነበር፤ ንጥረ ነገሮች የሚዋሐዱት ሙሉ ሙሉ በሆኑ አቶሞች ከሆነ ግን አንድ አቶም ካርቦን አንድ ወይም ሁለት ኦክስጅን ይይዛል እንጂ አንድ ተኩል ሊይዝ አይችልም። የዳልተን ክርክር ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በቃል የሚሸመደዱት ነጥቦችም ከዚህ ይመነጫሉ።

ከዚያ ወደ አቶሞች አንጻራዊ ክብደት ይለፉ። ዳልተን ከ1787 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1844 የአየር ጠባይን ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን የክብደት ሠንጠረዥ በ1803 ያዘጋጀውም ጋዞች በውኃ ውስጥ ስለሚሟሙበት ሁኔታ ሲያጠና ነበር። ሃይድሮጅንን 1 ብሎ ተነሣ። በውኃ ውስጥ ለ1 ግራም ሃይድሮጅን 8 ግራም ያህል ኦክስጅን አለ፤ ነገር ግን የኦክስጅን አቶም 8 ነው ለማለት ውኃ ስንት ስንት አቶም እንደያዘ ማወቅ ያስፈልጋል። ዳልተን ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረው፣ ሁለት ንጥረ ነገሮች የሚሠሩት ውሁድ አንድ ብቻ ከታወቀ አንድ ለአንድ የተዋሐዱ ናቸው ብሎ ወሰነ። የጊዜው ልኬትም ሻካራ ስለነበር በ1808 ባሳተመው መጽሐፉ ለኦክስጅን የሰጠው ክብደት 7 ነው። በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ክብ ኦክስጅንን፣ መካከሉ ላይ ነጥብ ያለበት ክብ ሃይድሮጅንን፣ የጠቆረ ክብ ካርቦንን ያመለክታል።

ዳልተን ውኃን አንድ ለአንድ ብሎ የወሰደበትን ስሕተት ለማረም ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌይ ሉሳክ በ1808 ያወጣውን ውጤት ይጨምሩበት፤ ሁለት እጅ ይዘት (ቮልዩም) ሃይድሮጅን ከአንድ እጅ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሁለት እጅ የውኃ እንፋሎት ይሰጣል። ዳልተን ይህን አልተቀበለም፤ እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል ቅንጣት ከያዙ የኦክስጅን አቶም ለሁለት መከፈል ይኖርበታልና። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት አቮጋድሮ በ1811 የሚከፈለው አቶሙ ሳይሆን ሁለት አቶሞችን የያዘው ሞለኪውል ነው ብሎ ችግሩን ቢፈታውም፣ የአገሩ ልጅ ኬሚስቱ ካኒዛሮ በ1860 በጀርመን በካርልስሩኸ ከተማ በተደረገው የኬሚስቶች ጉባኤ ላይ እስኪያነሣው ድረስ ሐሳቡ ሰሚ አላገኘም ማለት ይቻላል። ውኃ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ከሆነ የኦክስጅን ክብደት 8 መሆኑ ቀርቶ 16 ይሆናል፤ 16ን ቀደም ሲል ላገኙት 1.33 ሲያካፍሉም የካርቦን ክብደት 12 ሆኖ ይወጣል።