የጎርፍ ዕቅድ የሚጀመረው በኅዳር ነው፤ ለጣና ዳር ቀበሌዎች

በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ ሜዳ ጎርፍ እንግዳ አይደለም። ሩዙም ሽምብራውም የሚበቅለው፣ የፎገራ ከብትም የሚሰማራው ውኃው በየዓመቱ በሚያመጣው ደለል ላይ ነው። ክፉው ዓመት ግን ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ እና በ2012 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር የሚሸከመው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ዝናብ ሲጥል በአንድ ጊዜ የሚያወርደው ይበዛል። ስለዚህ "ድሮ ከዚህች ዛፍ አያልፍም ነበር" የሚለው ምስክርነት ለመነሻ ይጠቅማል እንጂ ለዕቅድ አይበቃም።

ብዙ ቀበሌ ስለ ጎርፍ የሚሰበሰበው በሐምሌ ነው። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በሐምሌ አፈሩ ጭቃ ስለሆነ ክትር፣ ማለትም ጎርፍ የሚያግድ የአፈር ግድብ፣ አይሠራም። የወረዳው የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነም አዲሱ ገንዘብ ከጎርፉ በኋላ ይደርሳል። ለመጪው ነሐሴ የሚያስፈልገው ሥራ ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ በያዝነው ዓመት በጀትና ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ በሚወጣበት ዘመቻ መሠራት አለበት። ይህ እንዲሆን ደግሞ የውኃው አሻራ ከግድግዳ ሳይጠፋ በኅዳር ልኬት መጀመር ያስፈልጋል።

ውኃው ሁለት ጊዜ ይመጣል

የመጀመሪያው የወንዝ ጎርፍ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ፣ መገጭ ደግሞ ከጎንደር በኩል ደለል ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንስና ደለሉን ከወንዙ ወለል ላይ ይጥሉታል። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ወንዙ የሚይዘው ውኃ ያንሳል፤ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ባለው ጊዜ ከዳርቻው ያልፋል። ይህ ጎርፍ በሌሊትም ይደርሳል፣ ይፈጥናል፣ በቀናት ውስጥ ይጎድላል።

ሁለተኛው ባሕሩ ራሱ ነው። ጣና ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ መግቢያ፣ ከፍ የሚለው በመስከረም ሲሆን፣ ልዩነቱ በተለመደ ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዳርቻው ዝርግ ስለሆነ ይህችው ከፍታ ሰፊ መሬት ትሸፍናለች፤ የወንዙንም አፍ ስለምትዘጋ ውኃው ወደኋላ ይተኛል። ይህኛው ቀስ ብሎ ይገባል፣ ለሳምንታት ይቆያል። ሕዝቡን ከነሐሴው ጎርፍ አውጥቶ በጳጉሜ የሚመልስ ዕቅድ በመስከረም እንደገና ያፈናቅለዋል።

የባሕር ሸሽ እርሻ ነገርም እዚህ ላይ ይነሳል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ሲወርድ ሰው የሐይቁን ወለል ሳይቀር አርሷል። ባሕር ሸሽ ላይ ማሳ ይሁን፤ ቤት፣ ጎተራና መጸዳጃ ግን አይሁን። በዕቅዱ ላይ ይህን በግልጽ ጻፉት። ሸሸርና ወላላን የመሰሉ ረግረጎችንም "ባዶ መሬት" ብላችሁ አትመዝግቡ፤ ውኃው የሚተኛበት አልጋ ናቸው፣ ሲጠነፈፉ ውኃው የሚተኛው ቤታችሁ ውስጥ ነው።

የኅዳር ልኬት

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል፦ ሁለት አዛውንት፣ ውኃ የሚቀዱ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ታንኳ ቀዛፊ፣ አንድ እረኛ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። ሴቶቹንና እረኛውን አትዝለሉ። መንገዱ መጀመሪያ የት እንደሚቋረጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከቤት ቤት ስትሄዱ በግድግዳው ላይ ሁለት መስመር ታያላችሁ። የላይኛው የርጥበት ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ውኃ ወደ ላይ ስለሚስብ ከእውነተኛው ከፍታ በላይ ይወጣል። የምትፈልጉት የታችኛውን ቀጭን የደለል መስመር ነው፤ በጥፍር ሲነካ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። እሱን ከወለሉ ለኩና በሴንቲሜትር ጻፉ።

ያን ከፍታ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ለማሻገር ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውኃ የተሞላ ግልጽ ጎማ ይበቃል፤ 20 ሜትር ርዝመት ያለው ይሁን። በሁለቱ ጫፍ ያለው ውኃ ምንጊዜም እኩል ይቆማል። አንዲት የአየር አረፋ ጎማው ውስጥ ከቀረች ግን ልኬቱ በብዙ ሴንቲሜትር ይሳሳታል፤ ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እኩል መሆናቸውን እዩ። ዝርግ ሜዳ ላይ 20 ሴንቲሜትር ማለት አንድ ሙሉ ጎጥ ማለት ነው።

በትምህርት ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በጤና ኬላው አጠገብ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ትከሉና ያለፈውን የጎርፍ ከፍታ በቀይ ቀለም አስምሩበት። መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ቤት አምስት ነገር ብቻ ይግባ፦ ወለሉ ከቀዩ መስመር ስንት ሴንቲሜትር ዝቅ ወይም ከፍ እንደሚል፣ የሰው ብዛት፣ መራመድ የማይችል ሰው፣ የከብት ብዛት፣ ስልክ ቁጥር። ከዚህ የበዛ መዝገብ ተሞልቶ አያልቅም።

ክትሩ

የወንዝ ዳር ክትር፣ ወረዳው ዳይክ የሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው ውኃው ከላዩ ስላለፈ ሳይሆን በአንዲት ደካማ ቦታ ስለተበሳ ነው። ዋነኛዋን ደካማ ቦታ እኛው እንሠራታለን። በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው የፓምፑን ጎማ ለማሳለፍ ክትሩን በስፋት 40 ሴንቲሜትር ይቦረቡራል፤ ሰኔ ሲመጣ በልቅ አፈር ደፍኖ ይሄዳል። ከላይ ሲታይ ሙሉ ይመስላል። በነሐሴ ውኃው የሚገባው በእሷ ነው። በጥር ክትሩን ከዳር እስከ ዳር በእግር ሄዳችሁ እያንዳንዱን ቦይ ከባለቤቱ ስም ጋር መዝግቡ፤ እስከ ግንቦት 15 ባለቤቱ ራሱ ጠቅጥቆ እንዲደፍን በቀበሌ ስብሰባ ይወሰን። የከብት መሻገሪያም እንዲሁ ነው፦ በየቦታው ከሚረጋገጥ አንድ ሁለት ቦታ መርጣችሁ ድንጋይ አንጥፉለት።

አዲስ ስትሠሩ ወይም የፈረሰውን ስትጠግኑ መጀመሪያ ሣሩንና የላዩን አፈር 20 ሴንቲሜትር ግፈፉ፤ ሣር ላይ የተደፋ አፈር ከሥሩ ጋር አይያያዝም፣ ሣሩ ሲበሰብስ ውኃ መንገድ ያገኛል። አፈሩን በ20 ሴንቲሜትር ንብብር እያነጠፋችሁ በከባድ ግንድ ጠቅጥቁ። ርጥበቱን በእጅ ፈትኑት፤ ሲጨበጥ ኳስ ሆኖ ከጸና፣ ሲጣል በጥቂት ጓል ከተከፈለ ልክ ነው። መዳፍ ላይ ከተለጠፈ ረጥቧል፣ ከተፈረፈረ ደርቋል። በመጋቢት የደረቀ ዋልካ እንደ ጡብ ስለሚጠነክር ጓሉ አይጠቀጠቅም፤ የጥር ሥራ የሚሻለውም ለዚሁ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና የላይኛውን 20 ሴንቲሜትር ቀላ ባለ ወይም አሸዋ በቀላቀለ አፈር ሸፍኑት፣ ደሾ ሣር ትከሉበት። ዛፍ አትትከሉበት፤ ሥሩ ሲበሰብስ ቀዳዳ ይተዋል።

መጠኑ እንዲህ ይሰላል። የክትሩ ጫፍ ከቀዩ መስመር 50 ሴንቲሜትር በላይ ይሁን፤ አፈሩ እየተጫነ ዝቅ ስለሚል ላዩ ላይ የቁመቱን አንድ አሥረኛ ጨምሩ። ቁመቱ 1.5 ሜትር፣ የላዩ ስፋት 2 ሜትር፣ ጎኑ ለአንድ ሜትር ከፍታ ሁለት ሜትር የሚንሸራተት ከሆነ፣ የታቹ ስፋት 8 ሜትር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ርዝመትም 7.5 ኪዩቢክ ሜትር አፈር ይገባል። አንድ ሰው በቀን አንድ ኪዩቢክ ሜትር ቆፍሮ፣ ተሸክሞና ጠቅጥቆ ቢውል፣ 100 ሜትር ክትር 150 ሰው ለአምስት ቀን ይፈልጋል። ይህን ቁጥር የያዘ ጥያቄ በወረዳ ይሰማል፤ "ክትር ይሠራልን" የሚል ደብዳቤ ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል። አፈሩን ከክትሩ ግርጌ አትቆፍሩ፤ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ።

ከማዶ ካለው ቀበሌ ጋር ሳትነጋገሩ ክትር አታስረዝሙ። የእናንተ ክትር ሲረዝም ውኃው ወደ እነሱ ይሄዳል፣ በሌሊትም ክትር የሚቆርጥ ሰው ሊነሳ ይችላል። የሁለቱ ቀበሌ ሽማግሌዎች በቦታው ተገኝተው ከፍታውን በአንድ ጎማ ይለኩ።

ለአስቸኳይ ጊዜ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አከማቹ። ግማሹን ብቻ ሙሉት፤ የሞላ ከረጢት እንደ ድንጋይ ይደድራል፣ በመካከሉ ክፍተት ይተዋል። እንደ ጡብ መጋጠሚያውን እያፈራረቃችሁ ከታች አራት፣ ከዚያ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ደርድሩ። ለአንድ ሜትር 17 ያህል ከረጢት ይገባል፤ 20 ሜትር ለመዝጋት ከነመጠባበቂያው 400 ያዙ። ከክትሩ በስተደረቁ ጎን ውኃ ሲፈልቅ ካያችሁ ቀለሙን እዩ። የጠራ ውኃ ከሆነ እየጠበቃችሁ ተከታተሉት። ደፍርሶ ከወጣ ክትሩ ከውስጥ እየተሸረሸረ ነው፤ አትድፈኑት፣ ዙሪያውን በከረጢት ክበቡትና ውኃው ውስጡ ከፍ ብሎ ግፊቱ እንዲቀንስ አድርጉ። በዚያው ሰዓት ከታች ያሉት ቤቶች ይውጡ።

ማስጠንቀቂያው

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በግንቦት መጨረሻ የሚያወጣው የክረምት ትንበያ ከረጢትና መኖ ምን ያህል ማከማቸት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፤ የላኒኛ ዓመት፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ቀዝቅዞ የእኛን ክረምት ዝናብ የሚያበዛበት ዓመት ከሆነ በርከት አድርጉ። ጎርፉ የሚገባበትን ቀን ግን አይነግራችሁም። እሱን የሚነግራችሁ የላዩ ድልድይ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት የጉማራና የርብ ድልድዮች ምሰሶ ላይ በየ10 ሴንቲሜትሩ የተሰመረ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መለኪያ እንዲቀባ ወረዳውን ጠይቁ፤ በአቅራቢያው የሚኖር ሰው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢጫ ላይ ሲደርስ በየሰዓቱ ይደውል። ውኃው ከድልድዩ ተነስቶ እናንተ ዘንድ የሚደርስበትን ሰዓት ራሳችሁ በሦስት ጎርፍ ለኩ። ያ ሰዓት የዕቅዱ ልብ ነው።

ለመንደሩ የሚያሰማው የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ይሁን። ጡሩምባ ግን መርዶ ነው፤ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ለቅሶ ቤት እንዳይሄድ የጎርፉ አነፋፍ የተለየ ይሁን፣ ለምሳሌ ሦስት አጫጭር ደጋግሞ፤ በሰኔም በገበያ ቀን ይለማመዱት። የቤተ ክርስቲያን ደወል አይመረጥም፦ ጎርፉ የሚበረታው በፍልሰታ ጾም ሰሞን ስለሆነ ደወሉ በሌሊትም ይሰማል፣ ማንም አይደነግጥም።

መጠለያና ከብት

"500 ሰው ትምህርት ቤት ይጠለላል" የሚል ዕቅድ ብዙ ጊዜ ውሸት ነው። ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። 7 በ8 ሜትር የሆነ ክፍል 16 ሰው ይይዛል፤ ስምንት ክፍል 128 ሰው ማለት ነው። በዚያ ላይ ትምህርት በመስከረም ይከፈታል፣ ባሕሩ ደግሞ ገና አልሸሸም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ለነሐሴ ብቻ ያዙት፤ ለመስከረም በከፍተኛ ቦታ ላይ የዘመድ ቤትና የሸራ ቦታ አስቀድማችሁ መድቡ። በነፍስ ወከፍ በቀን 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ አስሉ፤ ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር።

ሰው ከብቱን ትቶ አይወጣም። የሚቀሩት አብዛኞቹ አባወራዎች የሚቀሩት ለዚህ ነውና የከብቱ ዕቅድ ከሰው ዕቅድ ቀድሞ ይለቅ። አንድ ከብት በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ ለ45 ቀን 270 ኪሎ። የሩዝ ገለባው በታኅሣሥና በጥር ሲወቃ ከቀዩ መስመር በላይ በሆነ ቆጥ ላይ ይከመር። የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት በግንቦት ይሰጥ፤ ጎርፍ ከገባ በኋላ የተሰጠ ክትባት ሳይሠራ በሽታው ይቀድማል።

ውኃው ሲሸሽ

የጉድጓድ ውኃ ተቀድቶ ተጠርጎ በክሎሪን ሳይታከም አይጠጣ፤ እስከዚያው በየቤቱ ውኃ አጋር የተባለው የውኃ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመር። ከጎርፉ በኋላ ወባ ስለሚነሳ አጎበር ከልብስ ጋር ከቤት ከሚወጡት ዕቃዎች መጀመሪያ ይሁን።

የሩዙ ማሳ ከጠፋ ቀሪው ተስፋ በርጥበቱ የሚዘራው ሽምብራና ጓያ ነው። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ከ25 እስከ 30 ኪሎ የሽምብራ ዘር ይበቃል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ከሚያዝያ ጀምሮ ከቀዩ መስመር በላይ አስቀምጦ ይጠብቀው፣ በመስከረም ዘሩ ገበያ ላይ ይወደዳል። ጓያን ግን ተጠንቀቁ። ሌላ እህል በሌለበት ቤት ለሁለት ሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደ እግርም አይመለስም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እህላቸው በጎርፍ የጠፋባቸውን ቤቶች ከመዝገቡ ለይታ በየሳምንቱ ትጎብኝ፤ የእርዳታ እህል ሲመጣም ለእነዚህ ቤቶች ይቅደም። ጓያ መብላት ግድ ከሆነ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይደፋ፣ ከማሽላ ወይም ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ከሦስት እጅ አንዱን ሳያልፍ ይበላ።