የቆየ ሶፍትዌር አልጫን ካለ መጀመሪያ ቀኑን እዩ

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር አልጫን ሲላችሁ ፋይሉን ደጋግማችሁ ከማውረዳችሁ በፊት፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ተመልከቱ። ባጠፋችሁት ቁጥር ወደ 2009 ወይም 2002 የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ሲዛባ ኮምፒውተሩ የዲጂታል ሰርተፊኬቶችን፣ ማለትም የድረገጽን ወይም የሶፍትዌርን ትክክለኛነት የሚያሳዩ ማረጋገጫዎችን አይቀበልም፤ ከኢንተርኔት የሚያወርድ ሴታፕም (መጫኛ ፋይልም) መሃል ላይ ይቆማል።

ዴስክቶፕ ከሆነ ባትሪዋ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3 ቮልቷ ሲአር2032 ናት። ከመንቀላችሁ በፊት ግን ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ገብታችሁ የሃርድ ዲስኩን ሞድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚግባባበትን መንገድ፣ አይዲኢ ይሁን ኤኤችሲአይ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። ባትሪዋ ስትወጣ ይህ ሊቀየር ይችላል፤ ከተቀየረ ዊንዶውስ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ብዙ ሰው ዊንዶውሱ የተበላሸ መስሎት ፎርማት የሚያደርገው እዚህ ጋ ነው፤ ሞዱን መመለስ ብቻ ይበቃ ነበር። ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅላችሁ ባትሪዋን ቀይሩ፣ የፕላስ ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን፤ ከዚያ ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክሉ።

ቀኑ ተስተካክሎም ዊንዶውስ 7 የሶፍትዌሩን ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ አልቻልኩም ካለ፣ ሰርቪስ ፓክ 1 የሚባለው የዊንዶውስ 7 ማሻሻያ ጥቅል መኖሩን አይታችሁ ኬቢ4490628 የተባለውን የማይክሮሶፍት ማሻሻያ፣ ቀጥሎ ኬቢ4474419ን ጫኑ። ኤስኤችኤ-2 የሚባለውን ፊርማ የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በዊንዶውስ 95 ዘመን ለወጣ ሶፍትዌር ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ 32 ቢት ቢሆንም ሴታፑ ብዙ ጊዜ 16 ቢት ነው፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት ፕሮግራም ስለማያስኬድ፣ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድም (ፕሮግራሙን እንደ ቆየ ዊንዶውስ የሚያስኬደው አማራጭ) አያስነሳውም። በ32 ቢት ዊንዶውስ፣ ወይም 32 ቢት ዊንዶውስ በተጫነበት ቨርችዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሰራ ሶፍትዌር) ጫኑት።