ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዞ ሲመጣ፦ የዌብኩዌስት ችግሮችና መፍትሄያቸው

የሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲው በርኒ ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1995 ዌብኩዌስትን፣ ማለትም ተማሪዎች መምህሩ ከመረጠላቸው ድረ ገጾች አንብበው የሚሠሩትን የክፍል ሥራ፣ ሲቀርጸው፣ ተማሪው ጊዜውን መረጃ በመፈለግ ሳይሆን በተገኘው መረጃ በመሥራት እንዲያሳልፍ አስቦ ነው። ባሕር ዳር ክፍል ውስጥ ሥራው ሲበላሽ ቀድሞ የሚወቀሰው ኔትወርክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው።

ምልክት፦ ቡድኖቹ ሁሉ ተመሳሳይ ጽሑፍ ያስረክባሉ።
ምክንያት፦ «ስለ እምቦጭ ጻፉ» ተብለዋል። መልሱ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ታዲያ ማን አይገለብጥም? ቁጣ እዚህ ላይ አይሠራም።
መፍትሄ፦ ውሳኔ ጠይቁ። «ጣና ዳር ላለ አንድ ቀበሌ የትኛው ይሻላል? እምቦጭን በእጅ መንቀል፣ በማሽን ማጨድ ወይስ አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ መልቀቅ?» በቡድን 4 ተማሪ ይሁን፤ እያንዳንዱ አንድ ሚና ይያዝ፦ ዓሣ አስጋሪ፣ ከብት የሚያሰማራ ገበሬ፣ ጀልባ ነጂና የሥነ ሕይወት ባለሙያ። ለየሚናው የተለያየ 2 ገጽ ብቻ ስጡ። አንዱ ጥንዚዛው ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ሌላው ማሽን ጥልቀት በሌለው ዳርቻ እንደሚቸገር፣ ሦስተኛው የተነቀለው አረም ከውኃው ካልራቀ ተመልሶ እንደሚገባ ያነባል፤ ክርክሩ ያኔ ይነሳል። ሪፖርቱ ከ1 ገጽ አይብለጥ፤ የጣሉትን አማራጭ ለምን እንደጣሉት ግን የግድ ይጻፉ። ከድረ ገጽ የማይገለበጠው ይህ ነው።

ምልክት፦ ክፍለ ጊዜው አለቀ፣ ገጹ ገና እየተከፈተ ነው።
ምክንያት፦ ክፍሉ በሙሉ በአንድ መስመር ላይ ተጭኗል።
መፍትሄ፦ ገጾቹን ቀድማችሁ አውርዳችሁ በፍላሽ አድሉ። እንዲሁ ሴቭ ሲደረግ ሥዕሎቹ ብዙ ጊዜ በሌላ ፎልደር ስለሚቀመጡ ፋይሉ ብቻውን ከተገለበጠ ባዶ ሳጥን ይታያል። ስለዚህ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። መብራት ሲጠፋ የሚሆን አንድ የታተመ ቅጂ ለየቡድኑ ይኑር። ቪዲዮ ይቅር።

ምልክት፦ «የጣና ስፋት አንዱ ጋ 3,000፣ ሌላው ጋ 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የቱን እንያዝ?»
ምክንያት፦ ሐይቁ በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይሸሻል፤ ገጾቹ መቼ እንደተለካ አይናገሩም።
መፍትሄ፦ አትፍረዱላቸው። ከቁጥሩ አጠገብ ምንጩንና የልኬቱን ዓመት እንዲጽፉ፣ ዓመት ከሌለው «ዓመቱ አልተገለጸም» እንዲሉ አድርጉ።

ምልክት፦ አንድ ጎበዝ ይሠራል፣ ሦስቱ ይቀመጣሉ።
መፍትሄ፦ ከ10 ነጥብ 6ቱ ለየራሱ ሚና ማስታወሻ፣ 4ቱ ለጋራው ሪፖርት ይሁን። ነጥቡ ሥራው ሲጀመር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ካለቀ በኋላ ቢነገር ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚያተርፈው።