የአሮጌ ነጠላ ጥለት ለግድግዳ ጌጥ

መሃሉ ሳስቶ ወይም ተቀዶ ከአገልግሎት የወጣ ነጠላ ካለዎት፣ ጥለቱ ብዙውን ጊዜ ደህና ሆኖ ስለሚቆይ እባክዎ አይጣሉት። በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ አጥበው ጥላ ውስጥ ካደረቁት በኋላ፣ በጥለቱ ዙሪያ አራት ጣት ያህል ነጭ ሸማ አስተርፈው ይቁረጡ፤ ይህ ትርፍ ከሌለ ጠርዙ እየተተረተረ ጥለቱ ድረስ ይደርሳል። ከዚያም በወፍራም ካርቶን ወይም በቀጭን ጣውላ ላይ ዘርግተው፣ የጥለቱ መስመር እንዳይጣመም ከመሃል ወደ ዳር እያስተካከሉ ይወጥሩት። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ የሥራው ውበት ግን ያለው በዚሁ ነው። ትርፉን ወደ ኋላ አጥፈው ከጀርባ ብቻ በኮላ ያጣብቁት፤ ፊት ላይ የተቀባ ኮላ በስሱ ሸማ አልፎ እድፍ ይተዋል። የክሩ ቀለም እንዳይደበዝዝ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ግድግዳ ይምረጡለት።